ተመልሰው የመጡት ሸሚዞች

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «አጉሊ» ነው የሚላት። አጉሊ መነጽር ለማለት ነው። ስሙን ያወጣላት የካውያ ክፍሉ ልብስ ተኳሽ ነው፤ ቀን ሙሉ ሲያፏጭ የሚውል፣ ሳይቀልድ ምሳ የማይወርድለት ሰው። «ሸሚዝ እሷ ጠረጴዛ ላይ ከመውጣቱ በፊት ንስሐ ቢገባ ይሻለዋል» ይል ነበር። ሰው ይስቃል። እሷም ትሰማለች፣ ግን አትቆጣም። ልትቆጣ ስትል «ስሙ አኩርቶኝ ይሆን እንዴ?» ብላ ራሷን መጠየቅ ትጀምርና ቁጣው ጊዜው ያልፍበታል።

ሥራዋ የተሰፋ ሸሚዝ መፈተሽ ነው። ነጭ አምፖል ከአናቷ በላይ ይበራል፣ ሸሚዙ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ እጇ ከኮሌታው ተነስቶ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ እጅጌ፣ ከዚያ ወደ ቁልፎቹ፣ በመጨረሻ ወደ ታችኛው ቅምቅማት ይሄዳል። እንከን ካገኘች ከጥፍር የማትበልጥ ቀይ ምልክት እንከኑ ላይ ትለጥፍና ሸሚዙን ቅርጫት ውስጥ ትጥለዋለች። ቅርጫቱ ወደ ጥገና ጠረጴዛ ይሄዳል። እዚያ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋና ወደ እሷ ይመለሳል። ከተስተካከለ ምልክቱን ትነቅላለች፤ ካልተስተካከለ ሌላ ትጨምርበታለች። የሥራው ደንብ ነው፤ ምልክቱን የለጠፈችው ራሷ ካላነሳችው ማንም አይነካውም። ውሃ ቀጠነ ባይ ናት ብለው ቢያሟትም፣ እሷ ያሳለፈችው ሸሚዝ ከገዢ ተመልሶ መጥቶ እንደማያውቅ አለቃው ሳይቀር ይመሰክርላታል።

ከሥራ ስትወጣ የምትገባው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር አላት። በአንዱ ወንበር ትቀመጣለች፤ በሌላው ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ የታጠበ ልብስ ይከመርበታል። ራቷን በልታ ሰሃኗን ካጠበች በኋላ ግድግዳው ሥር ትቀመጥና ቀኗን ከጠዋት ጀምራ ትመረምራለች። ይህን የተማረችው በወጣትነቷ፣ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ውስጥ ነበር። ያስተማሯት ሴትዮ ደግ ሴት ነበሩ፤ «ቀንሽን ለጌታ አሳዪው፣ ያበላሸሽውን ንገሪው፣ ከዚያ ተኚ» ነበር ያሏት። እሷ «ተኚ» የሚለውን ረሳችው።

እኔ ራስን መመርመርን የማጣጥል ሰው አይደለሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ራሱን ጠይቆ የማያውቅ ሰው ስንቱን ረግጦ እንደሚያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የአጉሊ ነገር ግን ሌላ ነው። ጠዋት ዘበኛውን ሰላም ስትለው ፊቱን አይታ ነበር ወይስ ዝም ብላ ነው ያለፈችው? የሥራ ባልደረባዋን «ልብስሽ ያምራል» ስትላት እውነቷን ነበር ወይስ ለመወደድ? ጸሎት ላይ ያዛጋችው ደክሟት ነው ወይስ ልቧ ቀዝቅዞ? አንዱን ጥላ አንዱን ስታነሳ ትቆይና ንስሐ ትገባለች። ንስሐ ከገባች በኋላ ደግሞ ንስሐው ከልብ ነበር ወይስ ከአንገት በላይ ብላ እንደገና ትጀምራለች። ያቺ ሴት በአንድ ማታ የምታገኘውን ኃጢአት አንድ ሰፈር ሙሉ ተባብሮ አይሠራውም።

ሰው ጋ የሄደች ቀን ምርመራው ይረዝማል፤ ብዙ ተናግራለችና የሚመረመረው ብዙ ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ መሄድ ተወች። ሲጠሯት «ሥራ አለብኝ» ትል ነበር፤ ያ ደግሞ ውሸት ሆኖ አስቸገራት፣ እናም ራሷን ብቻ መነቅነቅ ጀመረች። በሌላ ከተማ የምትኖር ታናሽ እህት አለቻት። እህቷ ስትደውል የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ ጤና ብቻ ሆነ፤ ኋላ ላይ እህቷም መደወሉን ቀነሰች። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ አጉሊ ብቸኛ ነበረች። ዝናብ በዘነበ ማታ የጎረቤት ልጆች ሲስቁ በግድግዳው በኩል ስትሰማ እጇን ግድግዳው ላይ ታሳርፍ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው ግን እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው በየወሩ የጌታን እራት ይወስዳል። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት መጋቢው ምእመኑ ራሱን እንዲመረምርና ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ያሳስባል። አጉሊ «መርምሩ» የሚለው ላይ ትቀርና «ቅረቡ» የሚለው ጋ ሳትደርስ ወሩ ያልቃል። ኅብስቱ ሲታደል የሚዘመረው መዝሙር ሲጀመር ተነስታ ትወጣለች። ይህ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንዳይከብዳት በመጨረሻው ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ጠርዝ ነው የምትቀመጠው። አንድ ጊዜ መጋቢው በር ላይ ጠብቀው ለምን እንደምትወጣ ጠየቋት።

«አልተዘጋጀሁም፣ መጋቢ።»

«መቼ ነው የምትዘጋጂው?»

«ንጹሕ ስሆን።»

መጋቢው አዝነው ፈገግ አሉ፤ «እንግዲያው በሰማይ እንገናኛለን» አሏትና ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። ከኋላቸው ሰልፍ ሙሉ ሰው ይጠብቃቸው ነበር። ያን ማታ አጉሊ የመረመረችው ለመጋቢው የመለሰችው መልስ ትዕቢት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ነው። ማዕዱን ግን ትናፍቀው ነበር። እንደዚያ ባሉ እሑዶች ለምሳዋ ዳቦ ትቆርስና እጇ ላይ እንደያዘችው ትቀራለች። «እንዲህ ውጭ ቆሜ ልሞት ነው?» የሚለው ፍርሃት የሚመጣባት ያኔ ነበር።

ከእሷ ጠረጴዛ ማዶ፣ መተላለፊያውን ተሻግሮ፣ እትዬ ጥገና ይቀመጣሉ። ይህም የተኳሹ ስም ነው፤ ሴትዮዋ ግን ወደውት ራሳቸውም ይጠሩበት ነበር። በእሷ ቀይ ምልክት የተሞላ ቅርጫት የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። በመርፌ ሥራ እኩያ አልነበራቸውም፤ እሳቸው ያደሱትን ስፌት ከአዲሱ መለየት አይቻልም። ሲስቁ ማሽኑን አልፎ ይሰማል። ምሳቸውን ሲያመጡ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር፤ ክዳኑን ከፍተው «አንቺ ልጅ፣ ነይ እንብላ» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ትሄድ ነበር። እትዬ ጥገና ግን ሲበሉ ስለ ሰው ማውራት ይወዳሉ፣ እሷም ስቃ ታውቃለች፣ ማታም በዚያ ሳቅ ስትቃጠል ታመሻለች። ስለዚህ ቀረች። እሳቸው ለተወሰነ ጊዜ መጥራታቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያ ክዳኑን አንስተው ወደ እሷ ብቻ ያያሉ፤ ከዚያ ማየቱንም ተዉት።

ኋላ ላይ ከጥገና የሚመለሱት ሸሚዞች ይበላሹ ጀመር። አንዱ ቁልፍ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፣ የአንዱ ኪስ ጠርዝ ይንጋደዳል። አጉሊ ሌላ ምልክት ለጠፈችና መለሰችው። መጣ፤ እንደገና መለሰችው። ከሌላው ሰው ሥራ ለይታ አልጎዳቻቸውም፤ ለይታም አላለፈቻቸውም። በሚዛኗ ትክክል ነበረች። ወሬው አለቃው ጋ ደረሰ። አለቃው አንዴ በደግ ቃል፣ አንዴ ኮስተር ብሎ እትዬ ጥገናን አናገራቸው፤ በመጨረሻም ከእንግዲህ ቤታቸው እንዲያርፉ ተነገራቸው። በሄዱ ቀን አጉሊ ጠረጴዛ አጠገብ ትንሽ ቆም አሉ። እሷ እጅጌ ላይ ነበረች፤ ቀና ሳትል «ደህና ይሁኑ፣ እትዬ» አለቻቸው። «ደህና ሁኚ፣ ልጄ» አሉና የጠረጴዛዎቹን ጠርዝ በእጃቸው አንድ በአንድ እየነኩ እስከ በሩ ሄዱ። ያየ ሁሉ ለስንብት መስሎት ሆዱ ባባ። አጉሊ ያን ማታ ራሷን ስትመረምር ያገኘችው በሥራ ሰዓት መዝሙር ማንጎራጎሯን ነበር። በዚያ ንስሐ ገባች።

ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አለቃው ዕቃ ክፍሉን ሊያስጸዳ ፈልጎ ከእትዬ ጥገና ጠረጴዛ ሥር የተገኙ ሁለት ጆንያ ሸሚዞች አስጎትቶ አመጣላት። እነዚያው ሲመላለሱ የነበሩት ናቸው። በቅናሽ የሚሸጠውን እንድትለይ፣ የቀረው ለመወልወያ እንዲሆን ነገራትና ሄደ። ጠረጴዛዋ ስለማይበቃ ጨርቅ የሚቆረጥበት ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሸሚዝ የምታየው አንድ በአንድ ነው፤ ብዙውን በአንድ ላይ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

እጇ እንደ ልማዷ ወደ ኮሌታ ሊሄድ ሲል ቆመ። ስፌቱ ሁሉ በትክክል ይጀምርና ወደ ግራ ይሸሻል። የአንዱ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም። ቁልፎቹ ሁሉ በአንድ ልክ ወደ አንድ ጎን ሄደዋል። ነጩ ላይ ጥቂት፣ ጥቁሩ ላይ ብዙ። በሰማያዊው ሸሚዝ ላይ ያለው ክር ሰማያዊ ሳይሆን ጥቁር ነው። ቋጠሮዎቹን ነካቻቸው፤ እያንዳንዱ ተደጋግሞ የታሰረ ነው። ግዴለሽ ሰው እንዲህ አያስርም። እንዲህ የሚያስረው ያሰረውን ማየት የማይችል ሰው ነው። ቀዮቹ ምልክቶች ደግሞ ጠርዛቸው በጣት ታሽቶ ሳስቷል፤ እንከኑን የሚያገኙት ምልክቱን በጣታቸው ዳብሰው ነበር ማለት ነው።

«ዓይናቸው ነው» አለች፣ ማንም በሌለበት፣ ድምፅ አውጥታ።

በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ያንን ስፌት አይቶ ያንን መረዳት የሚችል ከእሷ ሌላ አልነበረም። ወደ እሷ ነበር ሲመላለስ የከረመው። አንድ ሸሚዝ ላይ የራሷ ምልክቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው አየችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ማዛጋቷን ስትመዝን፣ ሰላምታዋን ስትመዝን፣ አንዲት አሮጊት ከፊቷ ማዶ እየታወሩ ነበር። መተላለፊያውን ተሻግሮ «ምን ሆነው ነው?» ማለት ስንት እርምጃ ይፈጅ ነበር?

አለቀሰች። ከዚያ፣ እውነቱን ልናገር፣ የለመደችው ነገር መጣባት። ዛሬ ማታ ግድግዳዋ ሥር ትቀመጣለች፣ ይህን ታወጣለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ነገም እንደዚያው። ትልቅ ኃጢአት ተገኝቷል፤ ለወር ይበቃል። ሐሳቡ ውስጥ የሆነ ምቾት ነበር፣ የምታውቀው ቤት እንደ መግባት ያለ። አስፈራት። ያ ሁሉ ማታ፣ ያ ሁሉ ፍተሻ፣ እትዬ ጥገናን አንድ ቀን ምን ጠቀማቸው? ክፍሏ ውስጥ ከራሷ በቀር ሰው ገብቶ አያውቅም፤ እያሰበች ሳለ ጌታም ቢሆን ልብስ የተከመረበት ወንበር ላይ ቦታ አጥቶ የቆመ መሰላት። ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ ወደ ካውያ ክፍል ሄደች።

ተኳሹ ካውያውን እያጠፋ ነበር። የእትዬ ጥገና ቤት የት እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው አያት፤ እንደሚቀልድባት ጠብቃ ነበር። አልቀለደም። አልፎ አልፎ ዳቦ እያደረሰላቸው እንደሆነ፣ ዓይናቸው እንደባሰበት ነገራትና መንገዱን በጣቱ እንፋሎቱ ያረጠበው ጨርቅ ላይ ሣለላት። ያ ቀልደኛ ጸሎት ቤት ሲሄድ አይታው አታውቅም። እሱ ግን ጠይቆ ነበር።

በእግሯ ሄደች። ቅዳሜ ከሰዓት ነውና ሱቆቹ ክፍት ናቸው፤ ጎማ ቤቱ ፊት ለፊት ሰዎች ባዶ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ፣ ሴቶች ሳሙናና ሽንኩርት ይዘው ያልፋሉ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው ጋ ነው። እሷ ብቻዋን በመንገዱ ጠርዝ ትሄዳለች፤ በአፏ የምትናገረውን እያዘጋጀች፣ እየሰረዘች። ተኳሹ የሣለላትን ደረጃ ከወረደች በኋላ መንገዱ ጠፋባትና አንዲት ልብስ የምታሰጣ ሴት መራቻት። በሩ ክፍት ነበር። ውስጥ ራዲዮ በዝቅታ ይናገራል። እትዬ ጥገና ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ድንች እየላጡ ነው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው፣ እጃቸውን ሳያዩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። አጉሊ።»

በዚያ ስም ራሷን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። ሴትዮዋ ቢላቸውን ቆም አደረጉት። «ቀዩን ይዘሽው መጣሽ?» አሉ፤ ቀልድ ነበር፣ ግን አልሳቁም። ቁጭ በይ አሏት። ይቅርታ ልትጠይቅ እንደመጣች ነገረቻቸውና ከሩቅ ጀመረች። ምሳ ሲጠሯት የቀረችው በጽድቅ ተመክታ እንደሆነ፣ ልቧ ድንጋይ እንደሆነ፣ ፍቅር የሚባል ነገር እንዳልፈጠረባት፣ ክርስቲያን ተብላ ለመጠራትም እንደማትበቃ፣ ማታ ማታ ለግድግዳው እንደምትለው አድርጋ ደረደረችው። እትዬ ጥገና ጥቂት ታገሷት። ከዚያ ቢላውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ስላንቺ ነው። እኔ የቱ ጋ አለሁ?»

አጉሊ በመንገድ ያዘጋጀችውን ሁሉ ተወችው።

«ዓይንዎ እንደደከመ ስፌትዎ ላይ ይታይ ነበር» አለች። «ማየት የምችለው እኔ ነበርኩ። አላየሁም። አልጠየቅሁዎትም።»

«እሱን ነው የምጠብቀው» አሉ ሴትዮዋ። «ሸሚዙ በተመለሰ ቁጥር፣ ዛሬስ ራሷ ይዛው ትመጣለች፣ እትዬ ምን ሆነው ነው ትለኛለች እያልኩ እጠብቅ ነበር። ለአለቃው ልናገር ፈራሁ፤ እንዳያስወጣኝ። ላንቺ ግን እነግርሽ ነበር። ቅርጫቱ ብቻ መጣ።»

ሐኪም ጋ የሄዱት ከሥራ ከወጡ በኋላ እንደሆነ ነገሯት። የዓይን ግፊት ነው ብሏቸዋል፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ የነበራቸውን ብርሃን ያቆይላቸው እንደነበር፣ የጠፋው ግን እንደማይመለስ። ይህን ሲሉ እሷን ለመጉዳት አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገሩት። አጉሊ አላለቀሰችም። ማልቀስ ቢያምራትም፣ ካለቀሰች ሴትዮዋ እሷን ማጽናናት እንደሚጀምሩ ገባትና ዋጠችው። ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን በደንብ ያየችው ያኔ ነው፣ በጨረፍታ፣ ሌላ ሰው እያየች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። ከዚያ ቢላውን ወደ እሷ ዘርግተው፣ «ዛሬ ግን ያልኩሽ በአፌ ነው። ልቤ ቀስ ብሎ ይደርስበታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ጠብቂው። በይ አሁን ድንቹን ላጪልኝ፤ እኔ ስልጠው ግማሹ ከልጣጩ ጋ ነው የሚሄደው።»

ቢላውን ተቀብላ ላጠች። ነጥብ ባየች ቁጥር ትፈነቅላለች፣ ጥቁረት ባየች ቁጥር ትቀርፋለች። ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው አንዱን አነሱና በጣታቸው መዘኑት፤ ከዚያ ያ ማሽን አልፎ የሚሰማው ሳቃቸው ወጣ። «ምን ተረፈው ታዲያ? እንዲህ ከመረመርሽውማ ምን እንበላለን!» አጉሊም ሳቀች። ድንቹ ተቀቅሎ በጨው በሉ፤ እትዬ ጥገናም እየበሉ ስለ አለቃው ሚስት አንድ ነገር አወሩ፤ አጉሊ አልሳቀችበትም፣ ግን ተነስታም አልሄደችም።

ማታ ክፍሏ ስትገባ ከወንበሩ ላይ ልብሱን አነሳችና አጣጥፋ አልጋው ሥር አስቀመጠችው። ቁጭ ብላ ጸለየች። አጭር ነበር። ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ፣ በዚህም ዓይናቸው ተጎድቷል፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ አንተ ርዳኝ፤ ይኸው ነው። ንስሐው ከልብ ነው ከአንገት በላይ የሚለው ጥያቄ እንደ ልማዱ መጣ። «እሱን አንተ ታውቃለህ» ብላ መብራቱን አጠፋች። እንቅልፍ ቶሎ አልወሰዳትም፤ ድንች ሲላጥ ያየችው የእትዬ ጥገና ፊት፣ ወደ ግድግዳ የዞረው፣ አልጠፋ አላት።

በማግስቱ የጌታ እራት እሑድ ነበር። በመጨረሻው ረድፍ፣ በመተላለፊያው ጠርዝ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወንበር እንደ ሁልጊዜው ባዶ ነው። መጋቢው አስተማሩ፣ ጸለዩ፣ መዝሙሩ ተጀመረ፣ ምእመኑ ሁሉ ቆመ። እግሯም ቆመ፣ ለመውጣት የለመደ እግር ነውና ግማሽ እርምጃ ወደ መተላለፊያው ወጣ። የኅብስቱን ሳህን የያዘው ረጅሙ አስተናጋጅ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። ሲያያት ልማዷን ያውቃልና ሳህኑን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ ጎኑን ሰጣት፤ በነጻ እጁም ወደ በሩ መንገዱን በትሕትና አሳያት።

የእትዬ ጥገና ዓይን አልተመለሰም፤ ይቅርታቸውም ገና መንገድ ላይ ነው። እሷ ራሷ ትናንት ከነበረችው የተሻለች አይደለችም፤ እንዲያውም ዛሬ ጥፋቷን በስሙ ታውቀዋለች። ንጹሕ የምትሆንበት እሑድ ሩቅ እንደሆነ፣ ምናልባትም በዚህ ምድር እንደማይመጣ ገባት። መዝሙሩ በሁለት ስንኝ መሐል ትንፋሽ ወሰደ።

«አልወጣም» አለች።

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። ከፊት ረድፍ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። አስተናጋጁ እጁን ወደ በሩ እንደዘረጋ ቀረ።

«አልወጣም፣ ወንድሜ። ለኔም ስጠኝ።»

ሳህኑን ወደ እሷ አወረደው። ከፊት ሲዞር ስለመጣ የቀረው ፍርፋሪና አንድ ሁለት ቁራሽ ነበር። ትልቁ ይገባኛል ወይስ ትንሹ ብላ አልመረጠችም። ለእጇ የቀረበውን አነሳችና በላች።